ተነሣ ወይ?

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነን፣ አራት ኪሎ ዳገት፣
ከሥር ፎቶ ኮፒ፣ ከጎን የጥርስ ሐኪም፣ ማዶ የፈረሰ ቤት።
ጠረጴዛው መሃል ላፕቶፕ ተዘርግቷል፣
ስስ፣ አመድማ ገላ፤ ሆዱ ተከፍቷል።
አንጎሉ አዲስ ነው፤ ያደግንበትን የማሽን ቋንቋ አይሰማም፤
"ደምር" ብትለው ዝም፣ "አምጣ" ብትለው ዝም፣
ብትሰድበው እንኳ አይቀየምም።

ማታ ማታ ጋሽ ደበላ ፎቁን ሲዞር፣
በትሩን ከበሩ አስደግፎ፣ አንገቱን አስግጎ፣
"ተነሣ ወይ?" ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
ሕመምተኛ ያለበት ቤት እንደገባ።
"አልተነሣም" እንላለን።
"እግዜር ይማረው" ብሎ ደረጃውን ይወርዳል።

አንድ ቀን ተቀምጦ ጠየቀን፤ እንዲህ ነው ያስረዳነው፦
ከርነል የሚሉት የድሮ ሰው ነው፤
ሠላሳ ዓመት አንድ ሠፈር የኖረ፣
ማን የት እንደሚያድር በቃሉ የቆጠረ።
ቁልፍ ሰሌዳው ከዚህ፣ ሰዓቱ ከዚያ ማዶ፣
ማራገቢያው ከጓሮ፣
ሁሉንም በየደጁ ይጠራል ሄዶ።
አሁን ነቅለን ባዲስ ሠፈር ብንተክለው፣
የለመደውን በር ሊያንኳኳ እጁን ያነሣል።
በሩ የለም።
ግድግዳውም የለም።
እጁን እንዳነሣ እዚያው ይቀራል፤
እኛ ጥቁር ስክሪን የምንለው
የእሱን መቆም ነው።

ጋሽ ደበላ ራሱን ነቀነቀ። ሲትራ ግን ዝም አለች።
ያደገችበት ግቢ ዶሮ ማነቂያ ነበር፤
ዛሬ ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ ገና ያልያዘ ሣር።
እናቷ ገላን ጉራ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ውሃ ጠምቷት በሌሊት ስትነሣ
ማብሪያውን በግራ ትፈልጋለች።
ማብሪያው በቀኝ ነው።
ግድግዳ ስትዳብስ ቆይታ፣ ሳትጠጣ ትመለሳለች።
ስምንት ወር ሆናት።
ይህን ስትነግረኝ ሲትራ አልሣቀችም፣
መጻፏንም አላቆመችም።

የምትጽፈው ዛፍ ነው። ዛፍ ይሉታል፤
ጥላ የለው፣ ወፍ አያርፍበት፣
በግንድ በቅርንጫፍ የተደረደረ የነዋሪ መዝገብ፤
ማን በስንት ቁጥር እንደሚገኝ፣
ማን ከማን መብራት እንደሚጋራ፣
ማንን ለመቀስቀስ ማን አስቀድሞ ይጠራ።
ሠሪዎቹ ካርታ አልሰጡንም።
እንደዚህ ከተማ ሰው ነው የምንፈልገው፣
"ከፈረሰው ሲኒማ ወረድ ብሎ"፣
"የድሮው ዳቦ ቤት ከነበረበት ፊት ለፊት"፣
ቁጥር እየቀየርን፣ እየገመትን፣
አንዴም ድምፅ ማጉያው መስሎን ባትሪውን ጠርተን፣
የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸትቶን፣
መስኮት ከፍተን በጋዜጣ ስናራግብ አመሸን።

አባቴ የጽሕፈት መኪና ይጠግን ነበር።
ለሌላ አገር ፊደል በተቀረጸ ብረት
"ሸ" ስትፈለግ "ሰ"ን ይመታና
አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ቆብ ይደፋላታል።
አንዳንዴ ቆቡ ይንሸራተትና
ከጎረቤት ፊደል ራስ ላይ ያርፋል፤
ያኔ አባቴ፣ መሣቅ የማይወደው ሰውዬ፣ ይሥቃል።

ሐሙስ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣
በቀጭኗ ሽቦ መጀመሪያ ነጥብ።
ከዚያ ሌላ ነጥብ። ከዚያ ጎርፍ፦
ቁልፍ ሰሌዳ፣ ተገኝቷል።
ሰዓት፣ ተገኝቷል።
ማራገቢያ፣
(እዚህ ላይ ትንሽ አሰበ)
ተገኝቷል።
ሲትራ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።
እኔ አንዲት ቁልፍ ነካሁ፤
"ሸ" ከነቆቧ፣ ቀጥ ብላ፣ ስክሪኑ ላይ ወጣች።

"ተነሣ ወይ?"
"ተነሣ፣ ጋሽ ደበላ!"
"ተመስገን!"
"አንድ ጣጣ ግን ቀረው፤ ክዳኑን ስንዘጋው
መተኛት ነበረበት፤ አይተኛም።
ዓይኑን ብቻ ይከድናል፣ ውስጡ እስኪነጋ ይነድዳል።"
ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ክዳኑ ላይ አሳረፈ፤
ከሥር እንደ ቀፎ የሚያጉረመርመውን ሰማ።
ቀና አለ፣ በትሩን አነሣ፤
"ተዉት" አለን፣ "ለዘበኛነት ይሆናል።"